ብቻን ስለሚያዝ የኮምፒውተር ጥናት

በኮምፒውተር ሞያ ለማስትሬት ዲግሪ ጥናት የያዘ አንድ ወንድማችን ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሲሬ ሲሄድ፣ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን ሁለት ጓደኞቹ ተከትለነው ነበር። ሲሬ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የቋንቋን ተማሪ ከኮምፒውተር ጋራ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥናቱ የኦሮምኛን ቃላት ግንድ በመሣሪያ ስለ መለየት ነበረ ብለን እንመልሳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። «መነ» ቤት ማለት ሲሆን «መነቲ» ወደ ቤት ማለት ነው። «ቲ»ን ቆርጦ መጣል ለመሣሪያው ቀላል ነው። «መኔን» (ቤቶች) ሲመጣ ግን «ን» ስለሚጠብቅ በቁቤ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ መጨረሻውን ብቻ የሚቆርጥ ደንብ «መነ»ን ሳያገኝ ይቀራል። ስለ ቤት የተጻፈ የሚፈልግ ሰውም ስለ ቤቶች የተጻፈውን አያገኝም ማለት ነው።

ወንድማችን ርእሱን ማንም ያልነካው መስሎት ነበር። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ በዚሁ ነገር ላይ የማስትሬት ጥናቶች ቀርበው ኖሯል። ይህን ያወቀው ሐሳቡን ጽፎ ካስገባ በኋላ ነው! ስለዚህ ጥናቱን አጠበበና ወጣቶች በስልክ የሚጽፉትን ኦሮምኛ ያዘ። በዚህ አጻጻፍ ድርብ ሆሄያት ብዙ ጊዜ ይጐድላሉ፤ «ለፈ» (መሬት) እና «ላፋ» (ለስላሳ) አንድ ይሆናሉ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የንባብ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ስለ ነበረ እነዚህን ሁለቱን ይለያል፤ መጥበቅን ግን አያሳይም። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ቁቤ ሁለቱንም ያሳያል፤ ጸሐፊው ካልሰነፈ።

የአጎቱ ልጆች ፈቅደው መልእክቶቻቸውን ሰጡን፤ ስምና የስልክ ቍጥሩን አወጣንላቸው። ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ደንቡን በእነዚህ ላይ ብንሞክረው ከግማሽ የሚበልጠውን ሳተ። እቤቱ ሳለ ግን አንድም ስሕተት አልነበረበትም። እናቱ አንዱን መልእክት ስናነብላቸው ወዲያው «ላፋ» ነው እንጂ አሉን፤ ከዐረፍተ ነገሩ ያውቁታልና።

ምክንያቱን ለማግኘት ሌሊቱን ፈጀን። ደንቡን ያወጣባቸውን ጽሑፎች ራሳቸውን መልሶ መፈተኛ አድርጓቸው ኖሯል፤ ይኸውም ጥያቄውን አስቀድሞ ያየ ተማሪ እንደ መፈተን ነው። የሚመክረው መምህር በየሳምንቱ ቢያገኘው ይህ በመጀመሪያው ወር በታወቀ ነበር። ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ጽሑፉን ሳይጀምር ከፍሎ፣ መፈተኛውን ጨርሶ ሊነካው አይገባም። መልሱንም ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ይወስኑት፤ እኛ ሁለታችን እንኳ በስንቱ ቃል ተከራከርን።

የመገናኛውንም ነገር አንዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በወለጋ በብዙ ስፍራ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። ሥራውን ሁሉ በኢንተርኔት ያስቀመጠ ተማሪ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ወንድማችን ሦስት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ በወረቀት ነው።

ለመከላከያው የቀረው ሁለት ወር ስለ ሆነ ደንቡን እንደ ገና ከሥሩ ጀምሯል። አዲሱ የመፈተኛ ጽሑፍ በፍላሽ ሆኖ በእኛ ሣጥን ተቈልፎበታል። አንድ ጊዜ እስቲ ልየው ብሎ ለምኖን ነበር፤ አልሰጠነውም።