ከፎገራ ሜዳ ምን ላስተምር?

ጥያቄ፦ ወረታ የዜሮ ክፍል መምህርት ነኝ። መጫወቻ የለንም፤ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቼ ምን ላስተምራቸው?

መልስ፦ መምህርት፣ ከጥቁሩ ዋልካ ይጀምሩ። በደንብ ሲቦካ እንደ ልብ ይቀረጻል። ልጆቹ የፎገራን ላም ይሥሩ፤ ሲደርቅ ጥቁርና ነጩን ቡራቡሬ በከሰልና በአመድ ይቀቡት። ጣታቸው የሚጠነክረው በዚህ ነው፤ እርሳሱ ይደርሳል፣ ወላጅ ቢቸኩልም።

ሩዝ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ያልተፈተገ ሩዝ፣ ጓያና ሽምብራ ቀላቅለው ያስለዩአቸው፤ ከዚያ ያስቆጥሩ። ፍሬውን አፍንጫው ውስጥ የሚከት ልጅ አይጠፋምና ዐይንዎን አይንቀሉ። በበጋ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ሜዳው ላይ የሚያርፉትን ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ከሩቅ ያሳዩአቸው።

ርብና ጉማራ ወንዞች ዳር ግን አይውሰዷቸው። ውሃ ያቆረ ማሳ ውስጥም በባዶ እግር አይግቡ፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ።