ራጅ ክፍል የሚውል እጅ፦ ጨረራና የቆዳ ካንሰር

 

እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። እዚያም ሆነ ሌላ ጤና ተቋም ሄደን ራጅ ስንነሳ ጨረራው የሚያገኘን ለቅጽበት ነው። ባለሙያው ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይውላል። ከመካከላችን ነገ በዚህ ሙያ የሚሰማሩ ስላሉ የዛሬው ትምህርታችን በእሱ ላይ ነው።

ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በ1902 ጀርመን ውስጥ በራጅ ሥራ ላይ በነበረ ሰው እጅ ላይ የቆዳ ካንሰር መታየቱ ተዘገበ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊም እጆቹ ተቆርጠው እንኳ አልዳነም፤ በ1904 ሞተ። በዚያ ዘመን መሣሪያውን የሚፈትሹት የገዛ እጃቸውን ጨረራው ውስጥ እያስገቡ ነበር።

ጉዳቱ እንዴት ይመጣል? ጨረራው የቆዳ ሴሎችን ዲኤንኤ ይሰብራል። ሴሉ ስብራቱን በትክክል ካልጠገነ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «እስካሁን ምንም አልሆንኩም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጨረር በእጅጉ ይከላከላል፤ ራጅን ግን አያግድም። ወፍራም ልብስ፣ ሒጃብም ሆነ ተራ የላስቲክ ጓንት እንዲሁ አያግዱትም።

መከላከያው ሦስት ነው።

1. ጊዜ፦ ጨረራው ባለበት የምንቆይበትን ጊዜ ማሳጠር።

2. ርቀት፦ ከምንጩ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረራው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ታካሚን ደግፎ መያዝ የባለሙያው የዘወትር ሥራ መሆን የለበትም።

3. ከለላ፦ የእርሳስ ሽርጥና የእርሳስ ግድግዳ። ሽርጡ እጅን ስለማይሸፍን እጅን ከጨረራው መስመር ማራቅ ግድ ነው።

ዓለም አቀፉ ገደብ ለሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ለቆዳ ለብቻው በዓመት 500 ነው። የመላ ሰውነትን መጠን የሚቆጥረው ደረት ላይ የሚደረገው የጨረራ መለኪያ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ መለኪያ ማንንም አይጠብቅም። ነፍሰ ጡር የሆነች እህትም ለኃላፊዋ ቶሎ ማሳወቅ አለባት። በአገራችንም የጨረራና የኑክለር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ሥራውን በሕግ ሥር አድርጎታል። ስለዚህ መለኪያና ሽርጥ መጠየቅ መብታችን እንጂ ውለታ አይደለም።

እጁ ላይ የማይድን ቁስል፣ የሚሰነጠቅ ቆዳ ወይም አዲስ እብጠት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይታይ። የቆዳ ካንሰር በጊዜ ሲደረስበት በአብዛኛው ይድናል።

ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። ዲናችን ራስንም ሌላውንም መጉዳትን ይከለክላል። ሌላውን ለማከም የተዘረጋ እጅ ትልቅ አጅር አለው፤ ያንን እጅ መጠበቅም የአማናው አካል ነው። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ወደ አላህ መጠጋት እንጂ ሽርጡን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መግባት አይደለም።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የሚጠቅም ዕውቀትም ይጨምርልን። አሚን።