መሪ የሌለው የሮም ሰማይ ሠራዊት

በሮም ወፎችን ለማየት የሚሻ ጎብኚ ከከተማዋ መራቅ አያስፈልገውም። በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አስጎብኚዎች በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ስፍራዎችን ሊያሳዩት ይችላሉ፤ የካፋሬላን ሸለቆ፣ የቲቤርን ወንዝ ዳርቻ፣ ሲመሽ ደግሞ የተርሚኒ ባቡር ጣቢያን አደባባይ።

በጥንታዊው የአፒያ መንገድ አጠገብ በሚገኘው ካፋሬላ ዛሬም በጎች ይግጣሉ። ከዛፎቹ ላይ የሚጮኹት አረንጓዴ በቀቀኖች ግን የጣሊያን ተወላጆች አይደሉም፤ ከጎጆ ያመለጡ ወይም የተለቀቁ ወፎች ዝርያ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ባለ ቀለበት አንገቱ በቀቀን በኢትዮጵያም በተፈጥሮ የሚኖር ነው። በቲቤር ዳርቻ ጎብኚው ቀና ከማለቱ በፊት መሬቱን ይመልከት፤ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር የነጣው አስፋልት የማታዎቹን እንግዶች ማደሪያ ይጠቁማል።

እንግዶቹ ጣሊያኖች ስቶርኖ የሚሏቸው ስታርሊንጎች ናቸው። ጥቁር ላባቸው በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ክብደታቸው ከ100 ግራም የማይደርስ ወፎች ሲሆኑ፣ ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው ይመጣሉ። ቀን በገጠር ወይራና ነፍሳት ሲለቅሙ ይውሉና፣ ምሽት ከገጠሩ ይልቅ ወደምትሞቀው ከተማ ይገባሉ። ከማረፋቸው በፊት በተርሚኒ ፊት ለፊት ባለው የቺንኩዌቼንቶ፣ ማለትም የአምስት መቶዎቹ፣ አደባባይ ሰማይ ላይ ይዞራሉ። (አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ናቸው።) መንጋው እንደ ጭስ ይዘረጋል፣ ይጠቀለላል፣ በቅጽበት ይታጠፋል። የግሪሳ መንጋ ማሽላ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ትዕይንቱን አይስተውም።

ይህን ሁሉ ወፍ ማን ያዝዘዋል? በ1931 እንግሊዛዊው የወፎች ተመልካች ኤድመንድ ሴሉስ፣ ወፎች ሐሳብ ለሐሳብ ይተላለፋሉ ብሎ እስከ መገመት ደርሶ ነበር። የተሻለው መልስ የተገኘው እዚያው ሮም ውስጥ ነው። አንድሬያ ካቫኛ፣ አይሪን ጃርዲናና በኋላ በ2021 የፊዚክስ ኖቤልን የተጋራው ጆርጆ ፓሪዚ የተሳተፉበት ቡድን፣ ከጣቢያው አጠገብ ባለው የፓላጾ ማሲሞ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ካሜራዎችን አራርቆ ተከለ። ሁለት ዓይኖቻችን ርቀትን እንደሚለዩ ሁሉ፣ በአንድ ቅጽበት ከተለያየ ቦታ የተነሡ ፎቶግራፎች የእያንዳንዱን ወፍ ቦታ ለማስላት አስቻሉ። አስቸጋሪው ሥራ በአንዱ ፎቶ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ በሌላው ላይ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ነበር።

በ2008 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር። ከምድር ሲታይ ድፍን ኳስ የሚመስለው መንጋ በእውነቱ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ ነው። ከዚህም በላይ፣ እያንዳንዱ ወፍ የሚከተለው በተወሰነ ሜትር ክልል ያሉትን ሁሉ ሳይሆን፣ ቢቀርቡም ቢርቁም፣ የቅርብ የሆኑትን ስድስት ወይም ሰባት ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጭልፊት ሲያጠቃ መንጋው ይሳሳል፤ ወፎቹ በሜትር ቢመሩ ኖሮ የተራራቁት ይጠፋፉ ነበር። ጎረቤት ስለሚቆጥሩ ግን ክፍተቱ ቢሰፋም ትስስሩ አይበጠስም። ከመንጋው የተነጠለ ወፍ ለጭልፊት ቀላል ሲሳይ ነውና፣ ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ለሮም ነዋሪ ግን ትዕይንቱ ዋጋ አለው። ኩሱ መኪና ያበላሻል፣ መንገድ ያንሸራትታል፤ በተለይ ሞተር ብስክሌተኞች ይወድቃሉ። የከተማው ሠራተኞች የስታርሊንግን የጭንቀት ጩኸት ቀድተው በድምፅ ማጉያ ያሰማሉ። ወፎቹ ይደነግጡና ይነሣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥቂት መንገዶች ተሻግረው ሌላ ዛፍ ላይ ያርፋሉ። በ2021 የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ማለዳ ደግሞ በተርሚኒ አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሞተው ተገኝተዋል፤ የተጠረጠረውም የሌሊቱ ርችት ነበር።

ትዕይንቱን ለማየት የሚሄድ ሰው ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አደባባዩ ላይ ቢገኝ መልካም ነው። ሰማዩ ጥርት ቢልም ጃንጥላ ይያዝ።