አልጋ የማያወጣው ድካም

ሌሊቱን ሙሉ የተኛ የካንሰር ታካሚ ጠዋት ላይ «ሰውነቴ ዝሏል» ሲል አስታማሚው ግራ ይጋባል። ታካሚው ሥራ አልሠራ፣ ከአልጋም አልወረደ። ጠያቂው ሁሉ ታዲያ ምክሩ አንድ ነው፦ «አይዞህ፣ ተኛ፤ ዕረፍት ያስፈልግሃል።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ይህ ድካም ግን በእንቅልፍ አይለቅም። በሽታው ራሱ፣ ኬሞቴራፒው፣ የጨረር ሕክምናው፣ የደም ማነሱ፣ ምግብ አልበላ ማለቱና ጭንቀቱ ተደራርበው ያመጡታል። የሚወስደውም ጉልበት ብቻ አይደለም። ሐሳብ መሰብሰብ፣ ከጠያቂ ጋር መጫወት፣ ስልክ ማንሣት እንኳ ሸክም ይሆናል።

መተኛቱ ደግሞ በራሱ ሌላ ድካም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ተመራማሪዎች 5 ጤነኛ ወጣቶችን ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ አዋሏቸው። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ጠርተው ሲለኳቸው አስገራሚ ነገር ታየ፤ የ3 ሳምንቱ መኝታ የአካል ብርታታቸውን የጎዳው 30 የዕድሜ ዓመታት ከጎዱት በላይ ነበር። የ20 ዓመት ጤነኛ ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ በኬሞ የተዳከመ ሰውማ ምን ይሁን? ጡንቻው ሲሟሽሽ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይበልጥ ይተኛል፤ ይበልጥ ሲተኛ ይበልጥ ይዝላል።

ይህን አዙሪት ለመስበር ቀድመው ከተነሡት መካከል ነርሶች አሉ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሜሪ ማክቪካርና ሜሪል ዊኒንግሃም ኬሞ እየወሰዱ ያሉ የጡት ካንሰር ታካሚ ሴቶችን በሳምንት 3 ቀን፣ ለ10 ሳምንት፣ በቋሚ ብስክሌት አሠሯቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያሳትሙ የሴቶቹ የአካል ብርታት በግልጽ ጨምሮ ነበር። «ታካሚ ይተኛ» የሚለው ምክር በነገሠበት ዘመን ይህን መሞከር ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ ምስጋናውም ለእነርሱ ይገባል። በጆንስ ሆፕኪንስ የነበረችው ነርስ ቪክቶሪያ ሞክ ደግሞ ብስክሌቱንም ትታ መራመድን ብቻ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ጥናት፣ የጨረር ሕክምና ላይ ሳሉ በቤታቸው አካባቢ የተራመዱት ሴቶች ካልተራመዱት ያነሰ ድካም ተሰምቷቸዋል።

ሆስፒታል ለተኛ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጀርመኗ ፍራይቡርግ ሙከራ ነው። ሐኪሙ ፈርናንዶ ዲሜኦና ባልደረቦቹ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞ የወሰዱና የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ታካሚዎች መረጡ። እነዚህ ሰዎች ከክፍላቸው መውጣት ይቅርና መቆምም የሚከብዳቸው ናቸው። ስለዚህ ፔዳሉ ወደ አልጋው መጣ። በጀርባቸው እንደተኙ 1 ደቂቃ ይመታሉ፣ 1 ደቂቃ ያርፋሉ፤ ይህን 15 ጊዜ ይደጋግማሉ፤ በድምሩ በቀን ግማሽ ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደታተመው፣ ያልሠሩት ከሆስፒታል ሲወጡ ድካማቸው ብሶ ነበር፤ የሠሩት ግን አልባሰባቸውም፤ ፍርሃታቸውም ቀለል ብሎ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 113 ጥናቶች በአንድ ላይ ተመረመሩ። ለዚህ ድካም የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና እገዛ ከመድኃኒት የተሻለ ይሠራሉ የሚል ውጤት ተገኘ።

ታዲያ እንቅስቃሴውን ማን ያስጀምር? ሐኪሙ ጠዋት ዞሮ ይሄዳል። ማቅለሽለሹ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበረታ፣ ጉሉኮሱ መቼ እንደሚነቀል፣ ታካሚው ሌሊት እንዴት እንዳደረ የምታውቀው ነርሷ ናት። የምትጀምረውም በጥያቄ ነው፦ «ድካምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ይላሉ?» 7 እና ከዚያ በላይ ከባድ ድካም ነው። ቀጥሎ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ ሙቀቱንና የደም ምርመራውን ታያለች። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ካለ እንቅስቃሴው ለሌላ ቀን ይቆያል። ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕላትሌቶች በጣም ከወረዱ ትንሽ ግጭት እንኳ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባም ስብራት ያሰጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ማንም አያስነሣውም።

ከተፈቀደ ሥራው በጣም ትንሽ ሆኖ ይጀምራል። መጀመሪያ ተኝቶ ቁርጭምጭሚትን ማጠፍና መዘርጋት፤ ቀጥሎ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ማለት፤ ከዚያ ተደግፎ መቆም፤ ሲበረታ በኮሪደሩ ጥቂት ርምጃ። ልኩ ቀላል ነው፤ ታካሚው እየሄደ ማውራት ከቻለ ደኅና ነው፤ ቃሉ ከተቆራረጠ ይቀመጥ።

አስታማሚም እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። «ሲስተር፣ እማማ ዛሬ መሄድ ይችላሉ? ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቅ፤ የጉሉኮሱን መስቀያ ይግፋ፤ ወለሉ እርጥብ አለመሆኑን ይይ፤ ነጠላ ጫማውን በማያንሸራትት ጫማ ይለውጥ። የተራመዱትን ደቂቃና የድካሙን ቁጥር በየቀኑ ይጻፍ። ድካሙ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ያንን ማስታወሻ ለነርሷ አሳይቶ በቤት የሚቀጥሉበትን መጠን ማስወሰን ያስፈልጋል።