የደብረ ታቦር ራሶች ለምን አልነገሡም?

ተማሪው፦ የኔታ፣ የየጁ ራሶች እዚህ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ንጉሥ ይሾሙ ይሽሩ ነበር። ታዲያ ዘውዱን ራሳቸው ያልደፉት ለምንድን ነው?

የኔታ፦ ዘውድ ወርቅ ብቻ ቢሆንማ ራስ ጉግሣ መች ያጡት ነበር! ጎንደር የቀረው የንጉሥነት ስም ነው፤ ጦሩም ፍርዱም እዚህ ነበር። የጎደላቸው የሰሎሞን ዘርነትና ቀብቶ የሚያነግሣቸው ጳጳስ ነው። ወደ ዘውዱ ከሁሉ የቀረቡት የየጁው የራስ ዓሊ እናት ወይዘሮ መነን ናቸው፤ አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ። በፈረንጅ አገርም እንዲሁ ሆኗል። ፔፒን የፍራንኮችን አገር በእጁ ይዞ ሳለ ንጉሥ መባል አልቻለም። ንጉሥ መባል የሚገባው ስሙ ያለው ነው ወይስ ሥልጣኑ ያለው ብሎ ወደ ሮማው ጳጳስ ወደ ዘካርያስ ላከ። መልሱ ለእርሱ ሆነለትና በ751 እ.ኤ.አ. ተቀብቶ ነገሠ። የቀድሞው ንጉሥ የዘሩ ምልክት የነበረውን ረጅም ጠጉሩን ተላጭቶ ገዳም ገባ።

ተማሪው፦ የእኛ ራሶችስ ለምን አልላኩም?

የኔታ፦ ወደ ማን? ያኔ ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነበር። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አገሩ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ኖረ። ነገሩ የገባቸው የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ገንዘብ አውጥተው፣ ወደ ግብፅ መልእክተኛ ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ራስ ዓሊን ገጠሙ። ይህን ጦርነት ሰው የሰካራም ጨዋታ አድርጎ ሲያወራው አንጀቴ ያርራል! ውቤ ድል አደረጉ፣ ራስ ዓሊ ሸሹ። ውቤ ድንኳናቸው ውስጥ ድላቸውን ሲያከብሩ የዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው። «ጠጅ ጣላቸው» ይባላል። መጠጡን አልክድም። ግን ያ ደስታ የምን ነበር? ጳጳሱ ከእርሳቸው ወገን፣ ጠላታቸው ሸሽቷል፤ የቀረው መቀባት ብቻ ነበር። የአገሩ ዘውድ እዚህ ሜዳ ላይ ከእጅ አመለጠ፣ እኛ የምናወራው ስለ ጠጁ!

ተማሪው፦ ናፖሊዮን ግን በገዛ እጁ ዘውድ ደፋ ይባላል።

የኔታ፦ ደፋ፣ በ1804 እ.ኤ.አ.። ጳጳሱን ፒዮስ ሰባተኛን ግን ከሮም ፓሪስ ድረስ አስመጥቶ፣ በእጃቸው ተቀብቶ ነው። ጳጳስ ካላስፈለገው ለምን አደከማቸው? የእኛዎቹንም ተመልከት። ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ሲያሸንፉ ዘውድ አልደፉም። ውቤ ከምርኮ ተፈትተው ስሜን ገብተው ደረስጌ ማርያምን አሠርተዋል፤ ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሡና በቀናት ውስጥ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ።

ተማሪው፦ ጳጳስ ሳይቀባው የነገሠስ የለም?

የኔታ፦ አለ እንጂ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። አቡነ ሰላማ ሞተዋል፣ የሚተካቸውም አልመጣም። የትግሬው በዝብዝ ካሳ ግን ወደ ግብፅ ልከው አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ተዋግተው ተክለ ጊዮርጊስን ማረኳቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ አክሱም ላይ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው አፄ ዮሐንስ ሆኑ።