መጀመሪያ የእማዬን ቀን ያዢ

ስሚኝማ ሚጣ፣ ላፕቶፑን ለአፍታ ዝጊልኝ። «ሰኔ ይለፍ እንጂ አሰላ እመጣለሁ» ስትዪያት ሰማሁ፤ እማዬም «እሺ ልጄ፣ ሲመችሽ» አለችሽ። ለፋሲካም ያልሻት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ የማስተርስ ጽሑፍሽን ልታስረክቢ ነበር። ጽሑፉን አስረከብሽ፣ ፋሲካም አለፈ፣ ቦታውን ወዲያው የባንካችሁ የሒሳብ መዝጊያ ያዘው። እሱ ሲያልቅ ደግሞ የአዲሱ ዓመት የተቀማጭ ገንዘብ እቅድ ይመጣል፣ ከዘንድሮው ከፍ ብሎ። ሥራ በራሱ ጊዜ አልቆ አያሰናብትሽም። ቀኑን አስቀድመሽ ካልያዝሽው ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ስንፍና የምመክርሽ እንዳይመስልሽ። የቤት ኪራዩን፣ የልጅሽን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ እቁቡን፣ በየወሩ ለአባዬ መድኃኒት የምትልኪውን ብር አውቃለሁ። ያ ሁሉ የሚመጣው ከሥራሽ ነው፤ ለእነሱ ያለሽ ፍቅርም በዚያ ይታያል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ብሩ በቴሌብር ሲደርስ አንቺም የደረስሽ እየመሰለሽ መምጣቱ ነው። እማዬ ዛሬ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች፣ ጓሮዋን ትኮተኩታለች። ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ አብረሻት መውጣት የምትችዪው አሁን ነው። ስትታመምማ እንደምትበሪ አልጠራጠርም፤ ያን ቀን አለቃሽም አይከለክልሽም። ሕጉ እንኳ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በደህናዋ ቀን እናትን ለመጠየቅ ግን ለብቻው የተቆረጠ ቀን የለም፤ ያለሽ የዓመት ፈቃድሽ ብቻ ነው። እሱን ነው እያጠራቀምሽ የምታሳልፊው።

ጊዜሽን የሚወስደው ደግሞ ባንኩ ብቻ አይደለም፤ ይህንንም በግልጽ እንነጋገር። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ሠርግ ወይም ምርቃት ይጠብቅሻል። እሁድ ክርስትና፣ ማኅበር፣ የእድር ስብሰባ አለ። እዚህ ላይ ጨከን በዪ። ለቅሶ አይቀርም፤ የታመመ ሰውም ይጠየቃል፤ ሰው በዚያን ቀን ይፈልግሻል፣ መምጣትሽንም አይረሳም። ሠርግ ግን ምረጪ። የባልደረባሽ የአጎት ልጅ ሲዳር አዳራሹ ጥግ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብትቀመጪ ሙሽራዋ መኖርሽንም አታውቅም። ደውለሽ እንኳን ደስ ያላችሁ በዪ፣ አቅምሽ የፈቀደውን ላኪ፣ ይበቃል። የሚቀየም ቢኖር ቀስ ብሎ ይረሳዋል። ለባለ ሠርግ ቅሬታ የምንጨነቀውን ያህል ለእናታችን ቅሬታ አንጨነቅም፤ እሷ «ሲመችሽ» ስለምትል ብቻ ሁልጊዜ የምትቀረው እሷ ናት። ይህ ልክ አይደለም ሚጣ፤ ዝም ያለ ሰው ተራው መጨረሻ ላይ መሆን የለበትም።

የእኛ የቀን መቁጠሪያ ራሱ ይረዳሻል። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይደራረባል፤ በሁዳዴው 55 ቀን ግን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ የለም፣ በፍልሰታም እንዲሁ። የቅርቡ ፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ትምህርት ቤትም ስለሚዘጋ ልጁን ይዘሽው ትሄጃለሽ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ልጅሽ ሆያ ሆዬን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ እስቲ ዱላ ይዞ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይዙር፣ አያቱም ሙልሙል ስትጋግር ይይ። ነሐሴ 16 ፍልሰታን አብራችሁ ፈትታችሁ ትመለሳላችሁ። የአሰላ ክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ወፍራም ሹራብ ያዢለት።

ስትሄጂ ላፕቶፑ እዚሁ ይቅር። ባለፈው አቦሉን ፉት ብለሽ ስልክ ልታናግሪ ወጣሽ፤ ስትመለሺ በረካው ተቀድቶ ነበር። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ በአቦል የጎረቤት ወሬ ነው፣ በቶና ስለ ልጅሽ ጥርስና ስለ እህል ዋጋ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳላት፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እንዳላት፣ ከአክስቴ ጋር በምን እንደተኳረፈች የምታወጣው ሰው ሁሉ ሄዶ ረመጡ ሊጠፋ ሲል ነው። በስልክ ስንጠይቃት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለናለች፤ እውነቷን የምትነግረው አጠገቧ ለተቀመጠ ነው። ስለዚህ እስከ በረካው ተቀመጪ፣ ሲኒውንም አንቺ አጥቢው፤ እያጠብሽም ታወራሻለች። አባዬ ወሬ አይወድም፤ እሱን አስከትለሽ ገበያ ሂጂ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሲያስተዋውቅሽ ትዕግሥት ይኑርሽ። ደስታው እሱ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ስለ ልጁ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። የቅርንጫፋችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ማታም ሪፖርት ይጠይቃል፤ አንቺም ልጁን በአንድ እጅ እያጎረስሽ በሌላው ትጽፊያለሽ። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ስልኩ መኝታ ቤት ይቀመጥ። በዚያ ሰዓት የተለየ ነገር አታዘጋጂለት፤ እግሩን እጠቢው፣ ራት አብራችሁ ብሉ፣ ክፍል ውስጥ ማን እንደገፋው ይንገርሽ። ባልሽም በዚያው ሰዓት ስልኩን ያስቀምጥ፤ አንቺ ብቻሽን የምትይዢው ሕግ ሳምንት አይቆይም።

አሁን ወደ ፈቃዱ። እንደ ልመና አድርገሽ አትጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። አንቺ አምስት ዓመት ስለሞላሽ ቢያንስ 18 ቀን አለሽ፤ የኅብረት ስምምነታችሁ ከዚህ በላይ ይሰጥ እንደሆነ የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቂ። መብትሽን ትተሽ ብትፈርሚ እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። አሠሪው ለሥራው ሲል ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን ማስተላለፍ አይችልም። አንቺ ከጠየቅሽና እነሱ ከተስማሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹን ለነሐሴ፣ ግማሹን ለሁዳዴ አድርጊው። የፈቃድ ፕሮግራሙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ብትጠይቂ የተረፈ ቀን ነው የሚሰጥሽ፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ለሥራ አስኪያጅሽ በቃል ንገሪው፣ ማን እንደሚተካሽም ከባልደረባሽ ጋር ተስማምተሽ ግቢ። ከዚያ ቅጹን ስትሞዪ የመነሻውንም የመመለሻውንም ቀን ጻፊ፣ የተቀበለሽ ሰው ይፈርምበት፣ አንዱን ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። ከፈረሙልሽ በኋላ ለእማዬ ደውለሽ ቀኑን ንገሪያት።