ሽቦው ሲቋረጥ ጨረሩ ይጥፋ፦ ለሌዘር ፕሮጀክተር የሲግናል ማከፋፈያ ቦርድ አሠራር



ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው ገጠር የመጣን ተማሪዎች ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ አንድ ነገር ይጠብቀናል። «ኢንጂነሪንግ አይደል የምትማሩት? እስቲ ይህቺን ሥሩልን» እንባላለን። አንድ ቀን ስፒከር ነው፣ ሌላ ቀን ሶላር ነው፤ የኒካሕ ወይም የዒድ ዝግጅት ሲደርስ ደግሞ መብራት ነው። በግድግዳ ላይ ጽሑፍና ሥዕል በብርሃን የሚስል የሌዘር ፕሮጀክተር ቤት ውስጥ ሊገጣጠም እንደሚችል ያወቀ ተማሪ ደግሞ እጁ አያርፍም።

መገጣጠሙ ይቻላል። ነገር ግን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ፦ ጨረሩን የሚያበራው ዕቃ ተገዝቶ ይመጣል፤ በጊዜው የሚያጠፋው ክፍል ግን በእኛ እጅ ይሠራል። ያም ክፍል ያለው በዛሬው ትምህርታችን በሲግናል ማከፋፈያ ቦርዱ ላይ ነው።

1. ፕሮጀክተሩ እንዴት ይስላል?

የመጀመሪያው ሌዘር የበራው እ.ኤ.አ. በ1960 በቴዎዶር ሜይማን እጅ ነው። በ1973 «ሌዘሪየም» የተባለው ትርኢት በሎስ አንጀለስ ግሪፍዝ ኦብዘርቫቶሪ ለሕዝብ ቀረበ። በ1986 ደግሞ የሌዘር ትርኢት ባለሙያዎች «ኢልዳ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር የምልክት ምንጩና ፕሮጀክተሩ የሚገናኙበትን ባለ 25 ፒን መስመር ደንብ አወጣ። ዛሬ የምንገጥመው በዚሁ ደንብ መሠረት ነው።

ሌዘሩ ራሱ የሚያወጣው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቧ ጋልቮ በሚባሉ ሁለት ሞተሮች ላይ በተጣበቁ ትንንሽ መስታወቶች ላይ ታርፋለች። አንዱ መስታወት ወደ ግራና ቀኝ (ኤክስ)፣ ሌላው ወደ ላይና ታች (ዋይ) ይመራታል። ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ዓይናችን ነጥቧን ሳይሆን መስመሩን ያያል። ክብሪት አቀጣጥለን በጨለማ ብናዞረው ክብ መስሎ እንደሚታየን ማለት ነው።

2. ማከፋፈያ ቦርድ ለምን?

የቡሬን መገንጠያ አስቡ። ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ይደርሳል። እዚያ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። መኪናው ሁሉ በአንድ መንገድ ይመጣና እንደ መድረሻው ይለያያል።

ማከፋፈያ ቦርዱም መገንጠያ ነው። በአንድ ወፍራም ኬብል ተጠቅልለው የመጡትን ሽቦዎች ለየብቻ አውጥቶ፣ የመስታወቱን ለጋልቮው፣ የቀለሙን ለሌዘሩ፣ የመዝጊያውን ለመዝጊያው ያደርሳል። ቦርድ ሳይኖር ሽቦ ከሽቦ በቀጥታ ካጣመርን ከሳምንት በኋላ የትኛው የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አይኖርም። ስህተት ሲፈጠርም መለኪያ የምናሳርፍበት ቦታ እናጣለን።

3. የፒኖቹ ድርሻ

ለጀማሪ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

• 1 እና 14፦ ኤክስ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ)
• 2 እና 15፦ ዋይ
• 3 እና 16፦ አጠቃላይ ድምቀት
• 4 እና 17፦ የደኅንነት ቀለበት (ኢንተርሎክ)
• 5 እና 18፦ ቀይ
• 6 እና 19፦ አረንጓዴ
• 7 እና 20፦ ሰማያዊ
• 13፦ መዝጊያ (ሻተር)
• 25፦ ግራውንድ

በቃል ለመያዝ ቀላል ነው፤ የአንድ ፒን ጓደኛ 13 ሲደመርበት ይገኛል። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑት 13 እና 25 ስለሆኑ እነሱን እርስ በርስ እናጣምራቸዋለን።

4. ለአንድ ምልክት ሁለት ሽቦ ለምን?

ፖዘቲቩ ሲወጣ ኔጋቲቩ በእኩል መጠን ይወርዳል፤ ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። በምሳሌ እንየው። የኤክስ ፖዘቲቭ 3 ቮልት፣ ኔጋቲቩ ደግሞ -3 ቮልት ቢሆን ልዩነቱ 6 ቮልት ነው። አሁን ኬብሉ ከስፒከር ወይም ከጄኔሬተር መስመር አጠገብ አልፎ 0.4 ቮልት ሁከት ቢገባበት፣ ሁለቱ ሽቦዎች አብረው የተጠማዘዙ ስለሆኑ ሁከቱ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። አንዱ 3.4፣ ሌላው -2.6 ይሆናል። ልዩነቱ አሁንም 6 ነው፤ ሁከቱ ተጣፋ።

የመስታወቶቹ ምልክት በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ከ-5 እስከ +5 ቮልት ሲሆን ልዩነቱ ከ-10 እስከ +10 ይደርሳል። የቀለሞቹ ልዩነት ከ0 (ጨለማ) እስከ 5 ቮልት (ሙሉ ብርሃን) ነው። ስለዚህ የቀለሙን ኔጋቲቭ ሽቦ ከግራውንድ ጋር አናጣብቀውም፤ እንደዚያ ካደረግን የምንጩን ውጤት ሾርት እያደረግን ነው።

5. አሠራሩ

አብዛኞቹ የጋልቮ ድራይቨሮች ሁለቱንም ሽቦ በቀጥታ ስለሚቀበሉ ኤክስና ዋይ በቦርዱ ላይ ማለፍ ብቻ ይበቃቸዋል። የሌዘር ድራይቨሮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ሽቦና ግራውንድ ነው። ለእነሱ እንደ ቲኤል 072 ያለ ኦፕ-አምፕና አራት እኩል የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ለእያንዳንዱ ቀለም እንጠቀማለን። በሰርኪዩት ኮርስ የተማርነው የልዩነት ማጉያ ይኸው ነው፤ ማጉያው 1 ነው። ኦፕ-አምፑን በ+15 እና -15 ቮልት እንመግበዋለን። በውጤቱ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በመስመሩ፣ ከዚያ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ 5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ እንጨምራለን። ኦፕ-አምፑ ቢበላሽ እንኳ የሌዘር ድራይቨሩ ከሚችለው በላይ ቮልቴጅ እንዳይደርሰው ነው።

ለውስጥ ሽቦ የኔትወርክ ኬብል ቁርጥራጭ ጥሩ ነው። አንዱ ኬብል አራት የተጠማዘዙ ጥንዶች ስላሉት ሁለት ኬብል ስምንት ጥንድ ይሰጠናል፤ ከላይ የዘረዘርናቸውም ስምንት ጥንዶች ናቸው። ጫፎቹን በካቻቢቴ በሚጠብቅ ተርሚናል ላይ እናስራቸዋለን፤ በየተርሚናሉ አጠገብም የፒኑን ቁጥር በማይጠፋ ቀለም እንጽፋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ ኮምፒውተር የፕሪንተር ኬብልም ባለ 25 ፒን ስለሆነ ያታልላል። በፕሪንተር አሠራር ከ18 እስከ 25 ያሉት ፒኖች ሁሉም ግራውንድ ናቸው፤ በአንዳንድ ኬብል ውስጥም እርስ በርስ ተያይዘዋል። ያንን ኬብል ብንጠቀም የሦስቱም ቀለሞች ኔጋቲቭ አንድ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻው በመልቲሜትር እንፈትሽ። የፕሮጀክተሩንም ኬብል በኮምፒውተር የፕሪንተር ሶኬት ላይ ፈጽሞ አንሰካ።

6. የሚያጠፋው ክፍል

ደንባችን አንድ ነው፤ የትኛውም ሽቦ ቢቋረጥ ውጤቱ ጨለማ መሆን አለበት።

ሀ) ቀለሞቹ፦ ኬብሉ ሲነቀል የልዩነት ማጉያው ውጤት ዜሮ ስለሚሆን በዚህ በኩል ተሟልቷል።

ለ) መዝጊያው፦ 0 ቮልት ዝግ፣ 5 ቮልት ክፍት ነው። ሽቦው ተነቅሎ እንዳይዋልል ከ13 ወደ 25 አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እናስቀምጣለን።

ሐ) የደኅንነት ቀለበቱ፦ ፒን 4 እና 17 የሚያያዙት በምልክት ምንጩ በኩል ነው። ኬብሉ ከተነቀለ ቀለበቱ ይከፈታል። በፕሮጀክተሩ በኩል አንድ የ12 ቮልት ሪሌይ ወስደን፣ የጠመዝማዛውን ኃይል በማቆሚያ ቁልፍ፣ በዚህ ቀለበትና በማስነሻ ቁልፍ በኩል በተከታታይ እናሳልፈዋለን። የሪሌዩን አንድ ኮንታክት ከማስነሻ ቁልፉ ጎን ለጎን እናስረዋለን፤ ሌላው ኮንታክት ለሌዘር ድራይቨሮቹ ኃይል ይሰጣል። ሞተር ለማስነሳት የተማርነው የስታርት-ስቶፕ ሰርኪዩት ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ አገር የተለየ ጥቅም አለው። መብራት ይሄዳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመጣል። በዚያ መሀል አንዱ ወደ ፕሮጀክተሩ ተጠግቶ «ምን ሆነ?» ብሎ በቀዳዳው ሊያይ ይችላል። ሪሌዩ አንዴ ከወደቀ ግን ሰው ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ሌዘሩ በራሱ አይነሳም። ዓለም አቀፉ የሌዘር ደኅንነት ደረጃም ለከፍተኛው ክፍል ሌዘሮች የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

7. ይህ ሁሉ ስለ ዓይን ነው

ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ኪታቡል መናዚር ስለ እይታ ሲመረምር ከተነሣባቸው ነጥቦች አንዱ ኃይለኛ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ ነው። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ይታመማል። ከዚህም ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን የሚገባ መሆኑን ወደሚያሳይ ማስረጃ ሄደ።

ሌዘር ከዚያ ይብሳል። ጨረሩ ሳይበተን ስለሚመጣ የዓይናችን ሌንስ ሬቲና ላይ በአንዲት ነጥብ ይሰበስበዋል። እስከ 1 ሚሊዋት ያለውን የሚታይ ጨረር ዓይናችን በመጨፈን ራሱን ይከላከልለታል፤ መጨፈኑ ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከ5 እስከ 500 ሚሊዋት ባለው ክፍል ግን ጉዳቱ ከመጨፈናችን ሊቀድም ይችላል። ከ500 በላይ ሲሆን ቆዳንም ያቃጥላል። የተቃጠለ ሬቲና እንደ እጅ ቁስል አይሽርም። አካባቢያችን ደግሞ የትራኮማ ጫና የከበደበት ክልል ነው፤ በብርሃን ላስደስተው ያልነውን ሕዝብ በብርሃን ዓይኑን እንዳንነሳው።

ስለዚህ ጨረሩ ሁልጊዜ ከተቀመጠና ከቆመ ሰው ራስ በላይ ያልፋል። ዳሱ አዲስ ቆርቆሮ ካለበት ጨረሩን እንደ መስታወት ስለሚመልስ ወደዚያ አናዞርም። መስታወቶቹ ቆመው ሌዘሩ ከበራ ኃይሉ ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻልና፣ ጋልቮው ሳይንቀሳቀስ ቀለም አንከፍትም።

8. የመፈተሻ ቅደም ተከተል

ሌዘሩ በሌለበት እንጀምር።

መጀመሪያ ኃይል ሳይኖር እያንዳንዱን ፒን እስከ ተርሚናሉ በመልቲሜትር እንለካ፤ ከጎረቤቱ ጋር አለመነካካቱንም እንይ።

ቀጥሎ ከሱቅ ሁለት የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ገዝተን በተከታታይ እናያይዝ። መሀላቸውን ከፒን 25፣ ሁለቱን ጫፎች ከ1 እና 14 ጋር ስናገናኝ የ3 ቮልት ልዩነት ይሆናል። መስታወቱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ መቆም አለበት፤ ጫፎቹን ስንለዋውጥ ወደ ሌላው ይዞራል። ዋይንም እንዲሁ።

ከዚያ በሌዘሩ ምትክ ቀይ ኤልኢዲ በቀለሙ ውጤት ላይ እንሰር። ባትሪዎቹን 5 እና 18 ላይ ስናደርግ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ስንነቅል ይጠፋል።

በመጨረሻ ኤልኢዲውን ከሪሌዩ ጋር እንፈትነው፦ ኬብሉን እንንቀል፣ የማቆሚያ ቁልፉን እንጫን፣ የግድግዳውን ሶኬት ነቅለን እንመልስ። በሦስቱም ጊዜ ጠፍቶ ካልቀረ ቦርዱ አልተጠናቀቀም፤ ሌዘርም አይገባበትም።

ለመወያየት

1) የፒን 7 ጓደኛ ማን ነው? ሁለቱ ቢለዋወጡስ ሰማያዊው ምን ይሆናል?
2) ፖዘቲቩ 2.7፣ ኔጋቲቩ -1.3 ቮልት ተለክቷል። ምልክቱ ስንት ነው? የገባው ሁከትስ?
3) የማስነሻ ቁልፉ በዘይት ተጣብቆ ተጭኖ ቢቀር የሪሌዩ ጥበቃ ምን ይጎድለዋል? እንዴት እናስተካክለዋለን?

ሦስተኛውን በቡድን ሥሩት። አላህ እውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን።